ጧሪ ያላት ወፍ

አበው ለወዳጃቸው መልካም ሲመኙ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በዚህች አጭር ምርቃት ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተጣምረዋል። አንደኛው ጉልበት የከዳውን ሰው አብልቶና አጠጥቶ፣ አጥቦና ደግፎ ማኖር ነው፤ ሁለተኛው ሲሞት አፈር ማልበስ ነው። ምርቃቱ ለሰው ሲነገር ሰምተን አድገናል፤ ለወፍ ሲባል የሰማ ግን ያለ አይመስለኝም። ይህ ጽሑፍ ስለ ወፍ ነው፤ ክንፏ ስለ ዛለ፣ እግሯ ስለ ደረቀ፣ ዓይኗ ስለ ፈዘዘ ወፍ። ርእሱ እንግዳ ቢመስልም በግዕዝ መጻሕፍታችን ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ነገር ነውና፣ ውድ አንባብያን ጥቂት ታግሣችሁ ተከተሉኝ። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዘመነ አክሱም ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ እንደተመለሱ ከሚታመንባቸው መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ነው። ስሙ የግሪክኛው «ፊዚዮሎጎስ» ሲሆን የፍጥረትን ጠባይ ዐዋቂ እንደ ማለት ነው። ግሪክኛው በእስክንድርያ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተጻፈ ሊቃውንት ይናገራሉ። መጽሐፉ በላቲን፣ በሱርስት፣ በአርመንኛና በሌሎችም ልሳኖች ተተርጉሞ ዓለምን የዞረ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በሥዕል ያስጌጧቸው የአራዊት መጻሕፍትም ከእርሱ የተወለዱ ናቸው። የእኛው የግዕዙ ትርጉም ለአውሮፓ ምሁራን በኅትመት የቀረበው በ1877 ነው። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ፍሪትስ ሆመል በለንደን፣ በፓሪስና በቪየና የነበሩትን የብራና ቅጂዎች አስተያይቶ በላይፕሲግ ከተማ አሳተመው።

የመጽሐፉ አካሄድ ቀላል ነው። ከቅዱሳት መጻሕፍት አንድ ቃል ያነሣል፤ ቀጥሎ የአንዱን እንስሳ ወይም የአንዱን ወፍ ጠባይ ይተርካል፤ በመጨረሻም ጠባዩን ወደ ነፍስ ጉዳይ ይመልሰዋል። በዚህ ተራ ውስጥ ስለ እርጅና የሚናገሩ ሁለት ወፎች አሉ። አንደኛው ንስር ነው፤ ሁለተኛዋ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጅንጅላቴ ወፍ» የምትባለው፣ በራሷ ላይ ጉትዬ የደፋች፣ ምንቃረ ረጅም ወፍ ናት።

የንስሩን ታሪክ ብዙዎቻችን በስብከት ሰምተነዋል። ጎልማስነትን እንደ ንስር ስለ ማደስ በመዝሙረ ዳዊት የተነገረውን ቃል መነሻ አድርጎ ፊሳልጎስ የሚተርከው እንዲህ ነው፦ ንስር ሲያረጅ ክንፉ ይከብደዋል፤ ዓይኑም ይጨልማል። ያን ጊዜ ንጹሕ ምንጭ ይፈልጋል፤ ካገኘም በኋላ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሽቅብ ይወጣል። በፀሐይዋ ትኩሳት አሮጌ ክንፉና የዓይኑ ጭጋግ ይቃጠላሉ። ከዚያ ወደ ምንጩ ወርዶ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ሲወጣ እንደገና ወጣት ይሆናል። ትርጓሜው ስለ ጥምቀት መሆኑ ግልጽ ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ስናየው ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ክንፉ የከበደው ያ ንስር ወደ ፀሐይ የወጣው በምን ጉልበቱ ነው? ታሪኩ የመጨረሻው ጉልበት እንደ ቀረለት ይቆጥራል። መሬት ላይ የቀረ፣ መውጣት ያቃተው ንስር በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም።

የጅንጅላቴዋ ታሪክ ከዚህ ይለያል። መነሻው አባትና እናትን ማክበርን የሚያዝዘውና ወላጁን የሚሰድብን የሚያስጠነቅቀው የኦሪት ቃል ነው። ጅንጅላቴ ስታረጅ ወደ ፀሐይ አትወጣም፤ መብረር አትችልማ። ከጎጆዋ ሳትወጣ ትቀራለች። ያን ጊዜ ልጆቿ ይመጣሉ። ያረጀ ላባዋን አንድ በአንድ ይነቅላሉ፤ የፈዘዘ ዓይኗን ይልሳሉ፤ በክንፋቸው ሥር አድርገው ያሞቋታል፤ ይመግቧታልም። ትናንት እናንተ እንደደከማችሁልን ዛሬ እኛ እንደክምላችኋለን የሚል ነው ሐሳባቸው። አዲስ ላባ እስኪያበቅሉና ዓይናቸው እስኪበራ ድረስ ወላጆቻቸውን አይተዉም። ፊሳልጎስም አእምሮ የሌላቸው አዕዋፍ ይህን ካደረጉ፣ አእምሮ ያለው ሰው ወላጆቹን ሳይጦር እንዴት ይቀራል ብሎ ይጠይቃል።

ሁለቱ ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ ጥራዝ ውስጥ ይኖራሉ፤ በእኛ ዘንድ ያላቸው ዕጣ ግን የተራራቀ ነው። ንስሩ በመድረክ፣ በመዝሙርና በጥቅስ ሲነገርለት ይኖራል። ጅንጅላቴዋ በብራና ውስጥ ቀርታለች። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ንስር በራሱ ጉልበት ይታደሳል፤ ይህን የማይመኝ የለም። ጅንጅላቴ ግን በሌላው እጅ የወደቀች ናት፤ ላባዋን የሚነቅልላትና ዓይኗን የሚልስላት ሰው ትፈልጋለች። ስለ እንዲህ ያለ ነገር መዘመር ይከብዳል።

በዚያ ላይ ጅንጅላቴ ክብር የጎደላት ወፍ ናት። ኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ቆጥሯታል። ጎጆዋም እንደሚሸት የታወቀ ነው፤ እናቲቱ በምትታቀፍበት ወራት ከጭራዋ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣው ቅባት ክፉ ጠረን አለው፤ ጠላትንም የሚያርቅላት እርሱ ነው። የድሮ ሰዎች ጥልቅ የመጦርን ምሳሌ የሰጡት ለዚህች ጎጆዋ ለሚሸት ወፍ መሆኑ ያስገርመኛል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያስታመመ ሁሉ ግን ምሳሌው ለምን ከእርሷ ጋር እንደሚስማማ ሳይነገረው ያውቃል።

ታሪኩን የፈጠረው ፊሳልጎስ አይደለም። ሥሩ ወደ ግብፅ ይወርዳል። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖረ የሚነገርለት ግብፃዊው ሆራፖሎ፣ የጥንት ግብፃውያን ውለታ መመለስን በሥዕል ሲጽፉ ይህችን ወፍ ይሥሉ እንደነበር ጽፏል፤ ወላጆቿን በእርጅናቸው ትጦራለችና። ከእርሱ ቀደም ብሎ በሮም አገር የኖረው ኤሊያን ደግሞ ከሕንድ የመጣ ተረት አቆይቶልናል። አንድ ንጉሥ ልጆች ነበሩት። ታላላቆቹ ዐመፀኞች ሆኑና በአባትና በእናታቸው እርጅና ተሳለቁ። ወላጆቹ አገር ጥለው ሲሰደዱ ትንሹ ልጅ ብቻ አብሯቸው ወጣ። መንገዱ በረታባቸውና ሁለቱም ሞቱ። ልጁም የገዛ ራሱን በሰይፍ ሰንጥቆ በራሱ ውስጥ ቀበራቸው። ፀሐይ ይህን አይታ ተደነቀችና ልጁን ወደ ውብ ወፍ ለወጠችው፤ በራሱ ላይ ያለው ጉትዬም የወላጆቹ መቃብር መታሰቢያ ሆነ። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው የእኛ ጥምር ቃል በአንዲት ወፍ ራስ ላይ ተሟልቶ የተገኘበት ተረት ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ግሪኮች ምሳሌውን ለሽመላ ሰጡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ414 በአቴና መድረክ በቀረበው «አዕዋፍ» በተባለው የአሪስቶፋነስ ተውኔት ውስጥ፣ ያደጉ የሽመላ ጫጩቶች አባታቸውን መጦር እንዳለባቸው የሚያዝዝ የአዕዋፍ ሕግ ይጠቀሳል። ወላጅን መጦር የሚለውን ግስም ከሽመላ ስም አውጥተውታል። አርስቶትል በበኩሉ ስለ ሽመላ የሚነገረውን ከዘገበ በኋላ፣ ንብ በል የተባለችው ወፍም ወላጆቿን እንደምትመግብ የሚናገሩ እንዳሉ ጨምሯል።

በእስልምና መጻሕፍት ደግሞ ይህችው ጅንጅላቴ ሁድሁድ ተብላ ትታወቃለች። በቁርኣን 27ኛ ምዕራፍ የሳባን ንግሥት ወሬ ለንጉሥ ሱለይማን ያደረሰች እርሷ ናት። በእኛ ክብረ ነገሥት ውስጥ ግን ይህን አገልግሎት የሚፈጽመው ነጋዴው ታምሪን ነው፤ ወፊቱ የለችም። በአንድ በኩል መልእክተኛ፣ በሌላ በኩል ጧሪ ሆና በጎረቤት መጻሕፍት ውስጥ የከበረች ወፍ በእኛ ዘንድ ስሟ እንኳ የሚታወቀው ለጥቂቱ ሰው ነው። በአገራችን ሜዳና ጓሮ ግን ጉትዬዋን እየዘረጋችና እያጠፈች መሬቱን በምንቃሯ ስትጭር የምትውለው እርሷው ናት።

እውነቱስ? ጅንጅላቴ ወላጆቿን ትጦራለችን? አትጦርም። ሽመላም አይጦርም። የተፈጥሮ ጥናት የሚነግረን መራራ ነገር ነው፤ በዱር ውስጥ መብረርና መቆም ያቃታት ወፍ አታረጅም፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የሌላ ቀለብ ትሆናለች። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» የሚለው ተረታችን ለአንበሳ ቢያንስ የእርጅና ዘመን ሰጥቶታል፤ ሽባ ወፍ ግን ያንንም አታገኝም። ለአርስቶትል ንብ በል ጥቂት ማስተዛዘኛ አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ኤምለንና ባልደረቦቹ በኬንያ ናኩሩ አካባቢ ነጭ ግንባር ያላቸውን ንብ በሎች ለዓመታት ተከታትለው፣ ጎጆ መሥርተው ያልተሳካላቸው ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ጎጆ ተመልሰው ታናናሾቻቸውን በመመገብ እንደሚያግዙ አሳይተዋል። ይህ ማገዝ ነው፤ መጦር ግን አይባልም።

እንግዲህ እግሯ የማይታዘዝላት አሮጊት ወፍ በዚህ ዓለም ላይ የምትገኝ ከሆነ በሰው ቤት ብቻ ነው። የእርሷ እርጅና የሰው እጅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ሁለት ምሳሌ ላንሣ፤ አንዱ ከልቦለድ፣ አንዱ ከእውነተኛው ዓለም።

ፊሳልጎሳችን በላይፕሲግ በታተመበት በዚያው በ1877 በፓሪስ የጉስታቭ ፍሎበር «ሦስት ተረኮች» የተባለ መጽሐፍ ወጣ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ፌሊሲቴ የተባለች የቤት ሠራተኛ ሕይወት ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ የወደደቻቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይለይዋታል። በመጨረሻ የቀረላት ሉሉ የተባለ በቀቀን ነው። ሲታመም ታስታምመዋለች። ጆሮዋ ከደነቆረ በኋላ ከዓለም ድምፅ ሁሉ የሚሰማት የእርሱ ብቻ ይሆናል። ፍሎበር ይህን ሲጽፍ ከሩዋን ቤተ መዘክር በድርቆሽ የተሞላ በቀቀን ተውሶ በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ነበር። አንባቢ ስለ ፌሊሲቴ ሊስቅ ጀምሮ ሳይስቅ ይቀራል፤ ለአንዲት ወፍ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ከሚደረገው ጋር አንድ ዓይነት እጅ እንደሚጠይቅ ደራሲው አስረድቶታልና።

ሁለተኛው ምሳሌ በቺካጎ አጠገብ በብሩክፊልድ የእንስሳት ማቆያ የኖረው ኩኪ ነው። የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነ፣ ካካቱ የሚባል ጉትዬ ያለው በቀቀን ነበር። በ1933 ተፈልፍሎ፣ ማቆያው በ1934 ሲከፈት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ እንስሳት አንዱ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ 40 ዓመታት የበላው ጥራጥሬ ብቻ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ዕውቀት ይኸው ነበርና። ውጤቱ በእርጅናው ታየ፤ አጥንቱ ሳሳ፣ አንጓዎቹም በቁርጥማት ተያዙ። በ2009 ከጎብኚዎች ዓይን አውጥተው ጡረታ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ በጠባቂዎቹ ቢሮ ውስጥ፣ በሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ኖረ። በነሐሴ 2016 በ83 ዓመቱ ሞተ። «ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ መውጣቱን ለሚያስተውል ሰው፣ የኩኪ ጡረታ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ጡረታ ነበር።

ወደ አገሬ ልመለስ። እኔ በምኖርበት በሚዛን ተፈሪ፣ ዛሬ በመዝገብ ሚዛን አማን በምትባለው ከተማ፣ እንዲሁም ከዚያ እስከ ቴፒና እስከ ሸካ ደኖች ድረስ ባለው ምድር ቡናው የሚያድገው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከዛፎቹ አናት ላይ ማለዳና ማታ እየጮሁ ከሚያልፉት አዕዋፍ አንዱ ግንባረ ቢጫ በቀቀን ነው። ገላው አረንጓዴ፣ ግንባሩ ቢጫ ሲሆን መኖሪያው የኢትዮጵያ ደኖች ናቸው። ለሳይንስ መዝገብ የገለጸው በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጎንደር ድረስ የተጓዘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ነው። ወፉን ከዛፍ አውርዶ ማሰር መልካም ነው አልልም፤ የዱር ወፍ ቦታው ዱር ነው። አንዴ በሰው እጅ አድጎ ያረጀውን ግን መልሶ ጫካ መጣል መግደል ነው።

በሠፈሬ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ያለ በቀቀን አላቸው። በወጣትነታቸው ለቡና ለቀማ ከሩቅ አገር የመጡ፣ እዚሁ ትዳር ይዘው የቀሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው በንፋስ ከወደቀ ዛፍ ግንድ ውስጥ ጫጩቷን አንሥተው አመጡላቸው፤ ይህ ከሆነ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ባል ሞተዋል፤ ወፏ አለች። ሰውዬው ማታ ከቡና ማሳ ሲመለሱ ያፏጩት የነበረውን ፉጨት እርሷ እስካሁን ታፏጫለች። ባለፉት ሁለት ዓመታት የግራ እግሯ ደርቆ አልታጠፍ አለ፤ ቀኝ እግሯም ብቻውን መሸከም ከብዶት ከሥሩ አበጠ። ከመቆሚያዋ እየወደቀች ደረቷን ታቆስል ጀመር።

በየእሑዱ እየሄድኩ ከእርሳቸው ጋር የሠራነውን ልንገራችሁ፤ ለሌላ ሰው ቢጠቅም። በሽቦ ቤቷ ውስጥ የነበረው መቆሚያ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ለስላሳ ዱላ ነበር። የወፍ እግር ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሲጫን ከሥሩ ይቆስላል። ስለዚህ ውፍረታቸው የተለያየ የዛፍ ቅርንጫፎችን ከነቅርፊታቸው ዝቅ አድርገን አጋደምን፤ በአንድ ጥግም በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ጣውላ አኖርን፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የምታርፈው በእርሱ ላይ ነው። ከታች ብትወድቅ እንዳትጎዳ ወፍራም ጨርቅ አነጠፍን፤ በየዕለቱ ይለወጣል። ምግብና ውኃዋን ከአፏ አጠገብ አስቀመጥን። የማይረግጥ እግር ጥፍሩ አይሞረድምና ይጠመዘዛል፤ በጥፍሩ ውስጥ የደም ሥር ስላለ ጫፉን ብቻ በጥንቃቄ እንቆርጣለን፤ ከደማ ዱቄት ይነሰነስበታል። ራሷን በምንቃሯ ማጽዳት ስላቃታት ጭራዋ ሥር የደረቀውን ለብ ባለ ውኃ እናጥባለን።

ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች፤ በዱር የደከመ መስሎ መታየት ሞት ነውና። ስለዚህ ላባዋ ሳይነገረን ክብደቷ ይናገራል። በየሳምንቱ በጨርቅ ጠቅልለን ኮረሪማና ጥምዝ በሚሸጥበት ሱቅ ትንሽ ሚዛን ላይ እናስቀምጣታለን፤ ግራሙን በደብተር እጽፋለሁ። በሥራዬ ቁጥር መጻፍ የለመድኩ ነኝ፤ አንድ ቁጥር ሲቀንስ እንደዚህ ልቤን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ደብተር የለም።

የአገራችን በረከት ለወፍ መርዝ ሊሆን እንደሚችል የተማርኩትም በዚሁ ነው። በየጓሯችን የሚረግፈው አቮካዶ ለወፍ ገዳይ ነው። ቡናም እንደዚሁ፤ ለሰው ማነቃቂያ የሆነው ነገር የትንሿን ልብ ያሸብራል። የወፍ ሳንባ ጢስን ፈጽሞ አይችልም፤ ስለዚህ እኚህ እናት ቡና ሲቆሉና ዕጣን ሲያጨሱ ወፏን ወደ ኋላ ክፍል ያወጣሉ፤ ወይም ራሳቸው ከሰሉን ይዘው ወደ በረንዳ ይወጣሉ። በክረምቱ ዝናብ ስትበርዳት ከሰል አጠገቧ ማቀጣጠል አይቻልም፤ በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው በደረታቸው ያሞቋታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያስመቷታል። ጥራጥሬ ብቻ እንዳይሆን ፓፓያ፣ ዱባና ጎመን ይቆርጡላታል። ከብትና ዶሮ ማከም የለመደ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አንድ ቀን መጥቶ እግሯን ካየ በኋላ፣ የደረቀው እግር አይመለስም፤ ከሥቃይ መጠበቅ ግን ይቻላል አለን። ከዚያ ቀን ወዲህ የምንደክመው ለዚሁ ነው።

በአንዱ እሑድ ዓይኗን በእርጥብ ጥጥ ሲጠርጉላት፣ የፊሳልጎስን ጅንጅላቴ ታሪክ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«መጨረሻ ላይ ዳነች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በመጽሐፉ አዲስ ላባ አበቀለች፣ ዓይኗም በራ ይላል፣ እማማ» አልኳቸው።

«ይቺ አትድንም» አሉ ጥጡን ሳያቆሙ። «ቢሆንም ዓይኗን መጥረግ መቼ ይቀራል፣ ልጄ?»

ጥቂት ቆይተው፣ «እኔንስ ማን ይጠርገኝ ይሆን?» አሉ። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ባሕር ማዶ። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ገንዘብ ሳይልኩ የቀሩበት ወር የለም። ይህን የማውቀው እርሳቸው ነግረውኝ ነው።

የእኔ ሥራ በባንክ መስኮት ጀርባ መቀመጥ ነው። በየወሩ መግቢያ ጡረታ የሚቀበሉ አረጋውያን ይሰለፋሉ፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ሐዋላ የሚጠብቁት ይበዛሉ። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ መፈረም ያቃታቸው አሉ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ ስናስነካ እጃቸውን መያዝ አለብን። አንዳንዶቹ ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ወዲያው አይሄዱም። ልጃቸው ስላለበት አገር ብርድ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጥቂት ሊያወሩኝ ይወዳሉ፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ግን ይገፋቸዋል። የተላከው ገንዘብ እውነተኛ መጦር ነው፤ መድኃኒት ይገዛል፣ ቤት ያድሳል፣ ላኪውም በሰው አገር በላቡ ያገኘው ነው። እርሱን ማቃለል አልፈልግም። ሆኖም የፊሳልጎስ ጅንጅላቴ ልጆች ያደረጉት ላባ መንቀልና ዓይን መላስ ነበር፤ እርሱን በሐዋላ የሚልክ የለም። እዚህ የቀረነው፣ የሩቅ ልጆች እጅ የምንሆን ካልሆንን ሥራው ሳይሠራ ይቀራል።

ለዚህ ነው ከሁለቱ የብራና ወፎች ጅንጅላቴዋ ትነሣልኝ የምለው። የንስሩ መታደስ የተስፋ ቃል ነው፤ በቦታው ይክበር። በየቤቱ ጥግ ያለው እርጅና ግን ወደ ፀሐይ የሚወጣ አይደለም። መሬት ላይ ነው፤ ዝቅ ያለ መቆሚያ፣ ንጹሕ ጨርቅና ለብ ያለ ውኃ ይፈልጋል። የጥንቱ ተርጓሚ ይህን ታሪክ ከግሪክኛ ወደ ልሳናችን ሲያሻግር ያየው አንድ ነገር ይኖራል፤ ለአንዲት መብረር ላቃታት ወፍ የሚራራ እጅ፣ ለወላጁም እንደሚራራ። የሠፈሬ እናት ወፍ አሁንም አለች። ክብደቷ ባለፈው እሑድ አልቀነሰም። ማታ ማታ የሟቹን ፉጨት ታፏጫለች፤ በሩን የሚያንኳኳ ግን የለም፤ ጎረቤት ካልሆነ በቀር።

ከሙከራዬ አራት ስንኝ ጨምሬ ልሰናበት፦

ሁሉም ሽቅብ አይተው ንስርን አከበሩ፣
የክንፉን መታደስ ሲያወሱ ሲያወሩ፤
እኔ ዝቅ ያለችውን ማየት ነው የናፈቀኝ፣
ያረጀ ላባዬን ነቅላ የምታሞቀኝ።

ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን። ቸር እንሰንብት።